ቦይለር በአንድ ቁጥር አይወከልም፦ ስለ ቤት ውሃ ማሞቂያ ስሌት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ መኖሪያ ሕንፃዎች የኃይል ስሌት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሙያው ሰዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በቅርቡ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊውን በአካል ባላውቃቸውም ልፋታቸውን አከብራለሁ። ያነሱት ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገነባ አፓርታማ ወይም ኮንዶሚኒየም በኤነርጂፕላስ ወይም በመሰል የኮምፒውተር ሞዴል ሲሰላ ቦይለሩ እንዴት ይግባ የሚል ነው። መልሳቸውም አጭር ነው። የኤሌክትሪክ ቦይለር የወሰደውን ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ከአሜሪካ ማሞቂያዎች መለያ ላይ 0.9 የሚል የብቃት ቁጥር ወስዶ ማስገባት ይበቃል ይላሉ። የቀኑን የሙቅ ውሃ ፍጆታ ለ24 ሰዓት እኩል ማካፈል እንደሚቻል፣ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀት ፕሮግራሙ ራሱ እንደሚያሰላው፣ በርሜሉንም እንደ አንድ ወጥ ውሃ መቁጠር በቂ እንደሆነ ጽፈዋል። ከበርሜሉ የሚያመልጠው ሙቀት ቤቱን ስለሚያሞቅ ኪሳራ አይባልም፤ በሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከአየር ስቦ ውሃ በሚያሞቅ ማሽን) ቢተካ ደግሞ ፍጆታው በሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል ብለዋል። መለኪያ በሌለበት አገር ከዚህ በላይ መዘርዘር ቅንጦት ነው የሚለው መደምደሚያቸው ነው።

እንዲህ ያለ ስሌት ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን የቦይለሩ መጠን፣ የብሬከሩ አቅም፣ የኬብሉ ውፍረት፣ የትራንስፎርመሩ አቅም፣ አንዳንዴም የነዋሪው የወር ሂሳብ ግምት ከዚሁ ሞዴል ይወጣል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከ0.9 ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመዘዝ ትንሽ እቆይበታለሁ። ኤለመንቱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ክፍል፣ ውሃ ውስጥ የተነከረ ስለሆነ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ውሃው ውስጥ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ነገር ግን 0.9 የሚለው ቁጥር የኤለመንቱ ብቃት አይደለም። የቀድሞው የአሜሪካ የሙከራ ደንብ አንድን ማሞቂያ ይፈትን የነበረው በቀን 64.3 ጋሎን፣ ማለትም 243 ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ ከ14.4 ወደ 57.2 ዲግሪ አሙቆ እንዲሰጥ በማድረግ ነው። አንድን ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.163 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ሙከራ ለተጠቃሚው የደረሰው ሙቀት 12.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ብቃቱ 0.9 ከሆነ የጎደለው፣ ማለትም በርሜሉ ቆሞ እያለ በግድግዳው በኩል ያጣው፣ በቀን 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

አሁን ያንኑ ማሞቂያ በቀን 60 ሊትር ብቻ ለሚቀዳ ቤተሰብ ስጡት። ለተጠቃሚው የሚደርሰው ሙቀት ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል፤ ብክነቱ ግን ያው 1.35 ነው፤ በርሜሉ ስንት ሰው እንደታጠበ አያውቅምና። ብቃቱ 69 በመቶ ሆነ። ዕቃው አልተለወጠም፣ የተለወጠው ሰው ነው። አሜሪካውያኑ ራሳቸው ከ2017 ወዲህ በተኩት መለኪያ ማሞቂያዎችን በአራት የአጠቃቀም ደረጃ ከፍለው የሚፈትኑት ይህ ስለገባቸው ነው፤ ትንሹ ደረጃ በቀን 38 ሊትር፣ ትልቁ 318 ሊትር ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1.5 ኪሎዋት ኤለመንት ያለው ቦይለር እንውሰድ፤ የበርሜሉ ሽፋን በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 1 ዋት ያሳልፋል እንበል። ቀን ከሌት በ60 ዲግሪ ቢቆይና መታጠቢያ ቤቱ 20 ዲግሪ ቢሆን ያለማቋረጥ 40 ዋት፣ በቀን ደግሞ 0.96 ኪሎዋት ሰዓት ያጣል። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በ40 ዲግሪ ውሃ 40 ሊትር ቢታጠቡ፣ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ የሚያስፈልገው ሙቀት 2.05 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ብቃቱ 68 በመቶ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ስንቶቻችን ነን ቦይለር ቀን ከሌት የምናበራው? በአዲስ አበባ ቤቶች ብዙው ሰው ሊታጠብ ሲል ያበራል፣ ጠብቆ ይታጠባል፣ ያጠፋል። ልጅ ሳለን «ቦይለሩን አጥፍተሃል?» ያልተባለ ካለ ቤታቸው ቦይለር አልነበረም። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውሃው ሞቆ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ስለሆነ ብክነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የሞቀው ውሃ ሁሉ ከተቀዳ ብቃቱ ከ95 በመቶ ያልፋል። እንግዲህ 0.9 ሁልጊዜ ለሚያበራው ቤተሰብ ብክነቱን ያሳንሳል፣ አብርቶ ለሚያጠፋው ደግሞ ያጋንናል፤ ለሁለቱም አይሆንም። ሞዴሉ ውስጥ መግባት ያለባቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ የበርሜሉ የሙቀት ማሳለፍ መጠንና የማብሪያ ማጥፊያው የሰዓት ሰሌዳ። ኤነርጂፕላስ ሁለቱንም ይቀበላል። ቦይለሩ በጠፋባቸው ሰዓታት የቴርሞስታቱን (ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤለመንቱን የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ) ሰሌዳ ወደ 5 ዲግሪ ማውረድ ብቻ ይበቃል። (ሰሌዳውን የምትሞሉ ወጣቶች አንድ ነገር አስተውሉ፤ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት በፕሮግራሙ 6 ሰዓት ነው። ይህን አዛብቶ ሰው ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ሲታጠብ የሚያሳይ ሞዴል አይቻለሁ።)

እግረ መንገዴን የቮልቴጁን ጉዳይ ላንሳ፤ በጽሑፉ ጨርሶ አልተጠቀሰም። የኤለመንት ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ቆጣሪው ጋ 220 ቮልት ሳይሆን 180 ሲደርስ 1.5 ኪሎዋት የተባለው ኤለመንት 1 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ በሙሉ ቮልቴጅ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ180 ቮልት 2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ። እንደ ልማዱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ያበራ ሰው በመጀመሪያው ሁኔታ 44 ዲግሪ፣ በሁለተኛው 35 ዲግሪ ውሃ ያገኛል። በ35 ዲግሪ የሚታጠብ ሰው ቀዝቃዛውን ቧንቧ አይከፍትም፤ ሻወሩ ከቦይለሩ ብቻ ነው የሚቀዳው። ቋሚ ኃይልና ቋሚ ብቃት የተሰጠው ሞዴል ይህን አንዱንም አያሳይም።

የቀኑን ፍጆታ ለ24 ሰዓት እኩል ማካፈል የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዓመታዊ ድምር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ማካፈሉ ብዙ አይጎዳም፤ ይህን ከጸሐፊው እቀበላለሁ። ነገር ግን የሕንፃ ሞዴል የሚሠራው ለድምር ብቻ አይደለም። 24 ቤቶች ያሉትን ሕንፃ አስቡ። ከላይ የተጠቀሰው ቤተሰብ ፍጆታ ለቀኑ ሲካፈል በቤት 125 ዋት፣ በሕንፃ 3 ኪሎዋት ይሆናል። እውነታው ግን ሥራና ትምህርት ቤት ከመሄድ በፊት ያለው ጠዋት ነው። ከ24ቱ ግማሾቹ እንኳን አብረው ቢያበሩ 18 ኪሎዋት ነው፤ ስድስት እጥፍ። ከዚያም ጭነቱ ሲበዛ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቮልቴጁ ሲወርድ እያንዳንዱ ቦይለር ረዘም ላለ ጊዜ ይበራል፣ ረዘም ሲበራ ከጎረቤቱ ቦይለር ጋር የሚገጣጠምበት ጊዜ ይጨምራል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኃይል ያው ሆኖ መስመሩ ይጨናነቃል።

የእኩል ማካፈል ዘዴ ሌላም ነገር ይደብቃል። ያ 1 ዋት በዲግሪ የሚያሳልፍ ቦይለር 60 ዲግሪ ላይ ቢጠፋ አሥር ሰዓት ያህል ቆይቶም ውሃው 54 ዲግሪ ገደማ ነው። ማታ መስመሩ ሲቀልል ያሞቀ ሰው ጠዋት ሳያበራ ይታጠባል፤ የሚያጣው 0.37 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ለአንድ ቤት ትንሽ ኪሳራ፣ ለሕንፃው መስመር ግን ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን አማራጭ መመርመር የሚችለው ውሃው መቼ መቼ እንደሚቀዳ በየደቂቃው የሚያይ ሞዴል ብቻ ነው። ኤነርጂፕላስ አንዱን ሰዓት እስከ 60 እርምጃ ይከፍላል። በየቀኑ ውሃ የሚቀዳበትን ሰዓትና መጠን በዘፈቀደ የሚያዘጋጁ መሣሪያዎችም አሉ፤ በጀርመን ካሰል ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችደብልዩካልክ አንዱ ነው። የኛን የአስተጣጠብ ሰዓት እኛው ማስገባት አለብን እንጂ መሣሪያው ዝግጁ ነው።

ስለሚገባው ውሃ ሙቀት ጸሐፊው ፕሮግራሙን አምነውታል። እኔም ለዓመታት አምኜው ነበርና ነገሩን ሳየው ደነገጥኩ። ኤነርጂፕላስ የቧንቧ ውሃን ሙቀት የሚገምትበት ቀመር በአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ ከተሞች የተዘጋጀ ነው። ከአየሩ ዓመታዊ አማካይ ይነሳል፣ 3.3 ዲግሪ ይጨምራል፣ ከዚያ በወራቱ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ከፍና ዝቅ የሚል ማዕበል ይሠራል። የማዕበሉ ጫፍ መቼ እንደሚውል ግን ቀመሩ ራሱ ወስኖታል፤ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ሙቀቱ በሐምሌና ነሐሴ ነው ብሎ። የአዲስ አበባን አማካይ 16 ተኩል ዲግሪ ገደማ አድርጋችሁ ብታስገቡት የቧንቧው ውሃ እጅግ የሚቀዘቅዘው ጥር 24 አካባቢ፣ እጅግ የሚሞቀው ደግሞ ሐምሌ 27 አካባቢ ነው ይላችኋል። ሐምሌ 27! ደመናው ከጣሪያ በማይነሳበት፣ ዝናቡ በማያባራበት ወር። እኛ ዘንድ ሙቀቱ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ መሆኑን ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም።

የማዕበሉ ቁመት ከአንድ ዲግሪ ብዙም ስለማይበልጥ ስሕተቱ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ትልቁ ለውጥ የተደበቀው በወራት መካከል ሳይሆን በአንዱ ቀን ውስጥ ነው። የብዙዎቻችን ቤት ውሃ የሚያገኘው ከመሬት ውስጥ ቧንቧ በቀጥታ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው የሚወርደው። 1,000 ሊትር የፕላስቲክ ታንከር ቀን ፀሐይ ይመታዋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ጥርት ያለ ሰማይ ሥር ውርጩን ይጠጣል። እንዲህ ያለ ታንከር ከአካባቢው አየር ጋር ለመቀራረብ አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አየሩን ሙሉ በሙሉ ባይከተለውም ከሰዓት በኋላ የሚቀዳው ውሃ ከንጋቱ በበርካታ ዲግሪ ይሞቃል። ውሃ በብዛት የሚቀዳው ንጋት ላይ ነው፤ ውሃው እጅግ የሚቀዘቅዘውም ያኔ ነው። ሁለቱ መገጣጠማቸው ነው ጉዳዩ። ከ18 ይልቅ ከ13 ዲግሪ ተነስቶ እስከ 40 ማሞቅ ማለት 22 ሳይሆን 27 ዲግሪ መጨመር ነው፤ በአንድ ሻወር ላይ ከ20 በመቶ በላይ ተጨማሪ ሙቀት። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ሮቶውን ራሱን እንደ አንድ ኤለመንት የሌለው በርሜል ከቤት ውጭ አስቀምጦ ከቦይለሩ በፊት ማገናኘት ነው። የፀሐዩን ጨረር በጎን አስልቶ መጨመር ይጠይቃል፤ ሥራው ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቀጥሎ ስለ በርሜሉ። እንደ አንድ ወጥ ውሃ መቁጠር በቂ ነው የሚለው አባባል ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ካልተነገረ ባዶ ነው። ለኤሌክትሪክ ቦይለር የዓመት ፍጆታ፣ አዎ፣ በቂ ነው። የቦይለር መጠን ለመምረጥ ግን አደገኛ ነው። ይህን የምለው ራሴ ስለሠራሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አፓርታማ በወጥ ውሃ ሞዴል አስልቼ 50 ሊትር ለሁለት ሰው አይበቃም፣ 100 ሊትር ይገዛ ብዬ ጽፌያለሁ። ባለቤቱ አምኖኝ ገዛ።

ስሌቱን ድገሙት። 50 ሊትር በ60 ዲግሪ አለ፣ 18 ዲግሪ ውሃ ከታች ይገባል። ወጥ ውሃ ነው ካላችሁ የገባው ቀዝቃዛ ውሃ ወዲያው ከሙቁ ጋር ይቀላቀላል፤ 32 ሊትር ሲቀዳ በርሜሉ 40 ዲግሪ ላይ ወርዶ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ የተገኘው የ40 ዲግሪ ውሃ 45 ሊትር ነው። አሁን ደግሞ እንደ እውነቱ ሙቁ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር እየገፋው ይወጣል በሉ። ምንም ሳይቀላቀል ቢወጣ 95 ሊትር የ40 ዲግሪ ውሃ ይገኛል። ከእጥፍ በላይ! እውነተኛው ቦይለር በሁለቱ መካከል ነው። ቆሞ የሚሰቀለው ወደ 95 ይጠጋል። ከመታጠቢያ ቤት በር በላይ ተጋድሞ የሚሰቀለው፣ ከፍታው ትንሽ በመሆኑ፣ የበለጠ ይቀላቅላል። ኤነርጂፕላስ በርሜሉን እስከ 12 ንብርብር ከፍሎ የሚያሰላ ሌላ ሞዴል ስላለው ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሞዴሉን መምረጥ ብቻ ነው። ያኔ መርጬው ቢሆን ኖሮ 80 ሊትር የ40 ዲግሪ ውሃ ለሚበቃቸው ሁለት ሰዎች ቆሞ የተሰቀለ 50 ሊትር ቦይለር እንደሚበቃ ሳያሳየኝ አይቀርም ነበር። በፀሐይ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ላይ ንብርብሩን መተው ደግሞ ዓመታዊ ድምሩንም ያበላሻል፤ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢው የሚያገኘው ከበርሜሉ ሥር ያለውን ውሃ ነውና፣ ያ ውሃ በቀዘቀዘ መጠን ሰብሳቢው ብዙ ሙቀት ይይዛል።

ያመለጠው ሙቀት ቤቱን ያሞቃል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ክረምቱን ሙሉ ቤት በሚሞቅበት አገር በከፊል እውነት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በማሽን አናሞቅም፤ ስለዚህ የሚተካው ፍጆታ የለም። ቦይለሩ መስኮቱ ክፍት በሚያድር መታጠቢያ ቤት ወይም በረንዳ ላይ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆነ ደግሞ ያ ሙቀት ኤሲው ላይ የሚጨመር ሸክም ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ ነገር፦ ኤነርጂፕላስ ካልተቀየረ በስተቀር ቤት የደረሰ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከምንጩ፣ ማለትም እሱን ለማመንጨትና ለማድረስ፣ 3.167 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል እንደፈጀ አድርጎ ይመነዝራል። ይህ የአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ቁጥር ነው። አብዛኛው ኤሌክትሪካችን ከግድብ በሚመጣበት አገር ሪፖርት ላይ ሲታተም ማየት ያሳዝናል።

ሂት ፓምፑ ላይ ጸሐፊው የካታሎጉን ቁጥር ወስደው ቁጠባው ሁለት ሦስተኛ ነው ብለዋል። ቴክኖሎጂውን አልጠላውም። ነገር ግን የካታሎግ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ አየር፣ ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ከፍታ የተለካ ነው። የኅዳር ንጋት አየር ከዚያ በብዙ ይቀዘቅዛል፤ 2,300 ሜትር ላይ ደግሞ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን የሚያሳልፈው የአየር ክብደት ያንሳል። ከሁሉ የሚብሰው ልማዳችን ነው። የሂት ፓምፕ ኮምፕሬሰር ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ውሃውን ለማሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል። ሊታጠብ ሲል የሚያበራ ሰው ፓምፑን ሳይሆን መጠባበቂያ ኤለመንቱን ነው የሚያሠራው። ልማዱን ለውጦ ሁልጊዜ ቢያበራውስ? 2.05 ኪሎዋት ሰዓት ለገላ፣ በርሜሉ ትልቅ በመሆኑ 1.2 ያህል ለብክነት፤ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል ብንል በቀን 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አብርቶ የሚያጠፋው ተራ ቦይለር 2.1 ይበላል። ቁጠባው 38 በመቶ ነው። ጥሩ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ግን አይደለም፤ ማሽኑ ደግሞ ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ሞዴሉ በኪሎዋት ሰዓት ብቻ ከታየ ቴርሞስታቱን ወደ 45 ዲግሪ ማውረድም ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን ሌጂዮኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተከማቸ ሙቅ ውሃ 60 ዲግሪ እንዲሆን የሚመክረው ለዚህ ነው። የየሰዓቱን የበርሜል ሙቀት የሚያወጣ ሞዴል ውሃው በዚያ መካከል ስንት ሰዓት እንደቆየ ያሳያል፤ 0.9 አያሳይም።

መለኪያ የለንም የሚለው ይቀራል። የበርሜሉን የሙቀት ማሳለፍ መጠን ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማታ ቦይለሩን ቀዩ መብራቱ እስኪጠፋ፣ ማለትም ቴርሞስታቱ እስኪቆርጥ ድረስ አሙቁት። ከዚያ አጥፉት፣ ማንም ውሃ አይቅዳ፣ አሥር ሰዓት ይደር። ጠዋት ቮልቴጁን በመልቲሜትር ለኩና አብሩት፤ ቀዩ መብራት ተመልሶ እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓት ያዙ። 1.5 ኪሎዋት በሙሉ ቮልቴጅ 15 ደቂቃ ከሠራ 0.37 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ተክቷል፤ በአሥር ሰዓት ሲካፈል 37 ዋት ነው። ሌሊቱን በውሃውና በክፍሉ መካከል የነበረው አማካይ ልዩነት 37 ዲግሪ ያህል ስለነበር ያ በርሜል በዲግሪ 1 ዋት ያሳልፋል። ደቂቃው 25 ከሆነ ሽፋኑ ደካማ ነው፤ 8 ከሆነ ጎበዝ ነው። ጸሐፊው ይህን በራሳቸው ቤት ዛሬ ማታ ቢያደርጉት፣ ነገ ጠዋት በ0.9 ፈንታ የሚያስገቡት የራሳቸው ቁጥር ይኖራቸዋል።